በ250 ሲሲ ሞተር ሳነቲን ለማቋረጥ፦ ምን ይቀየር፣ ምን ይተው?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂያችን ሐዋሳ ነው የሚኖረው። ያገለገለ ግን በደንብ የተያዘ ሆንዳ ሲአርኤፍ 250 ኤል ገዝቷል። በጥር ከሐዋሳ ተነስቶ በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ሮቤና ጎባ ሊደርስ፣ ከዚያ የባሌ ተራሮችን የሳነቲ አምባ አቋርጦ በሐረና ጫካ ወደ ዶሎ መና ሊወርድ አስቧል። ብቻውን ነው፣ ድንኳንና የመኝታ ከረጢት ይይዛል። ሊያስገጥም ያሰበውንም ዘርዝሯል፤ የአሉሚኒየም የጎን ሣጥኖች፣ ትልቅ የቤንዚን ታንክ፣ የጎን መከላከያ ብረት፣ የስፖርት ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)፣ ተጨማሪ መብራቶች። «ከየቱ ልጀምር? ወይስ ሞተሩን ሽጬ ትልቅ ልግዛ?» ይላል።

ወንድሜ፣ አትሽጠው። ለምትለው መንገድ ከዚህ የተሻለ ሞተር እምብዛም አታገኝም። ስቴፍ ጄቮንስ የምትባል የዌልስ ሴት እንደ ፈረንጆቹ በ2014 ከለንደን ተነስታ፣ አንታርክቲካን ጨምሮ ሰባቱንም አህጉር የረገጠችው በዚሁ በሲአርኤፍ 250 ኤል ነው። ስለዚህ ሞተሩ ይችላል ወይ የሚለውን ተወው፣ ይችላል። ወሳኙ ምን ያህል ትጭንበታለህ የሚለው ነው።

ዝርዝርህን ሳየው ያሳሰበኝም እሱ ነው። ይሄ ሞተር ቤንዚኑን ሞልቶ 145 ኪሎ ገደማ ነው። ትልልቆቹ የጉዞ ሞተሮች ከ200 ኪሎ በላይ ናቸው። ልዩነቱ አስፋልት ላይ ብዙም አይታወቅህም። ሐረና ውስጥ ቀይ ጭቃ ላይ ተኝቶብህ፣ ግራ ቀኝ ብታይ ሰው በማይኖርበት ሰዓት ግን ይታወቅሃል። 145 ኪሎውን ብቻህን ታነሳዋለህ። አሁን ያንተን ዝርዝር እንደምር። የአሉሚኒየም ሣጥን ጥንድ ከነመያዣ ብረቱ፣ አንድ ሸሚዝ እንኳ ሳይገባበት ከ10 ኪሎ በላይ ይሆናል። የጎን መከላከያው ብረት ይጨመርበታል፣ ትልቁ ታንክ ሲሞላ ይጨመርበታል፣ ከዚያ ነው ገና ዕቃህን መጫን የምትጀምረው። ትንሽ ሞተር የገዛህበትን ዋናውን ጥቅም በራስህ ብር ታጠፋዋለህ ማለት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፤ መጀመሪያ ጭነቱን ቀንስ፣ ቀጥሎ ጭነቱን የሚሸከመውን አስተካክል፣ ከዚያ የሚሰበረውን ጠብቅ። ኢንጂኑን አትንካው።

ከኋላው ሾክ ልጀምር፣ ምክንያቱም ማንም የማያየው ነገር ስለሆነ ሁሌም የሚዘለለው እሱ ነው። ፋብሪካው የሰጠህ ሞላ ለስላሳ ነው፤ ዕቃ ለማይጭን ቀለል ላለ ሰው የተሠራ ነው። ሻንጣ ስትጭንበት ኋላው ይቀመጣል፣ ፊቱ ይቀልላል። ያን ጊዜ ፒስታ (ጠጠር መንገድ) ላይ ማኑብሪዮው (መሪው) እጅህ ላይ ይዋልላል፣ ማታ መብራትህ መንገዱን ትቶ ዛፉን ያበራል፣ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ደግሞ ሾኩ እስከ መጨረሻው ወርዶ ጓ ይላል። ብዙ ሰው ይሄን ጊዜ ጎማውን ይወቅሳል።

እቤትህ ልትለካው ትችላለህ፣ ሜትርና አንድ ጓደኛ ይበቃሃል። ሞተሩን ከሥር ደግፈህ የኋላው ጎማ ከመሬት ይነሳ። ከጎማው አክሰል መሃል ቀጥ ብለህ ወደ ላይ፣ ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) ላይ በፕላስተር ምልክት አድርግና እስከዚያ ያለውን ርቀት ለካ። 600 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። ከዚያ መሬት አውርደው፣ ለጉዞው የምትይዘውን ዕቃ በሙሉ ጫን፣ ጫማህንና ሄልሜትህን አድርገህ ተቀመጥበት፣ ሁለቱንም እግርህን አንሳና ጓደኛህ ያንኑ ርቀት ይለካ። 520 ከመጣ 80 ሚሊ ሜትር ወርዷል። የዚህ ሞተር የኋላ ጎማ ጠቅላላ መውረጃው 240 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 80 ሲሶው ነው፣ ጤነኛ ነው። 110 ወይም 120 ከወረደ ግን ሞላው ላንተና ለዕቃህ አልተሠራም። ሙሉ ሾክ መግዛት የለብህም። በክብደትህ ልክ የተሠራ ጠንከር ያለ ሞላ ብቻውን ይሸጣል፤ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። የፊቱም ሞላዎች ቢቀየሩ ጥሩ ነበር፣ ግን ብሩ ለአንዱ ብቻ ከበቃ የኋላውን አስቀድም።

አሁን ሻንጣው። ሣጥኑን እንድትተወው የምለምንህ ለክብደቱ ብቻ አይደለም። አሸዋ ወይም ጭቃ ላይ ሚዛን ስትስት እግርህን ወደ መሬት ትጥላለህ፣ ሞተሩ ደግሞ ወደፊት መሄዱን አይተውም፤ ያን ጊዜ ከኋላ የሚመጣው የሣጥኑ ጠርዝ ባትህን መሬት ላይ ይይዘዋል። አጥንት የሚሰበረው እንደዚህ ነው። ሸራ ሻንጣ ይተጣጠፋል፣ ይለቅሃል።

ሸራውን ደግሞ እዚሁ ታሰፋዋለህ። ለጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ ልጆች ጋ ሂድ፣ ውሃ የማያስገባውን ወፍራሙን ሸራ ምረጥ። ሁለት ከረጢት፣ ሴላው (መቀመጫው) ላይ በሚያርፍ ሰፊ ቀበቶ የተያያዙ፣ አፋቸው ተጠቅልሎ የሚታሰር። ዚፕ አታስደርግ፤ በአቧራ ይበላሻል። ማሰሪያው የሚሰፋበት ቦታ ላይ ሸራው ሁለት ድርብ ይሁን፣ መጀመሪያ የሚቀደደው እዚያ ነው። ማርሚታው በቀኝ በኩል ከፍ ብሎ ስለሚያልፍ የቀኙ ከረጢት እንዳይቃጠል ከላሜራ ጋሻ አሠራ፣ በጋሻውና በማርሚታው መካከል አየር የሚያልፍበት ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ተው። ግማሽ ሰዓት ነድተህ ከረጢቱን ከውስጥ በእጅህ ዳብሰው፤ የሚያቃጥል ከሆነ ጋሻውን አስፋው።

አጫጫን ላይ ከባዱ ወደ ፊትና ወደ ታች ይሁን። መፍቻዎች፣ ውሃና ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) ከጭንህ አጠገብ፤ የመኝታ ከረጢትና ልብስ ከኋላ። ከመቀመጫው ኋላ ያለው ብረት ቀጭን ነው። ፖርቶመጋላ (የዕቃ መጫኛ) አስበይደህ ጫፉ ላይ ድንኳን፣ ምግብና መፍቻ ከከመርክበት ኮረኮንቹ ሲመታው ብረቱ ይሰነጠቃል፤ የድርጅት ሞተሮች ስጠግን ከየገጠሩ እንዲህ ሆነው የመጡ ብዙ አይቻለሁ። ጠቅላላ ጭነትህ ከነሻንጣው 20 ኪሎ አካባቢ ላይ ይቁም። ከዚያ ካለፈ ሁሉንም አውጥተህ መሬት ላይ ዘርጋና እንደገና ምረጥ። ሁለተኛውን ጂንስ ሱሪ እቤት ተወው፣ ሲርስ ብቻውን ስንት ኪሎ እንደሚሆን ታውቃለህ።

ቤንዚን። ታንክህ 8 ሊትር እንኳ አይሞላም። ጭነህ፣ ዳገትና ፒስታ ላይ በሊትር 28 ኪሎ ሜትር ቢሄድልህ 200 ከማለፍህ በፊት መጨነቅ ትጀምራለህ። ከጎባ ዶሎ መና 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ ከታንክህ ያልፋል ማለት ነው። ለዚህ ግን ትልቅ ታንክ አያስፈልግህም። ሲአርኤፍ በኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በኤሌክትሪክ እየመጠነ በሚረጭ) የሚሠራ ስለሆነ ፓምፑ ያለው ታንኩ ውስጥ ነው። ታንክ ስትቀይር ፓምፑን ነቅለህ ወደ አዲሱ ማዛወር አለብህ፣ ጎሚኒው በትክክል ካልተቀመጠ ቤንዚን ኢንጂን ላይ ያንጠባጥባል። ከዚህ ይልቅ ለቤንዚን የተሠራ 4 ወይም 5 ሊትር የሚይዝ መያዣ ግዛ፣ በግራ በኩል፣ ከማርሚታው ራቅ አድርገህ እሰረው። ሮቤ ወይም ጎባ ስትደርስ ታንኩ ግማሽ ቢሆንም ሙላው፤ ሰልፍ ረጅም ነው ብለህ አትለፍ።

ከዚያ ወዲያ በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ሊገጥምህ ይችላል። መግዛት ካለብህ ቸኩለህ አትገልብጠው። ሃይላንዱን አጋድመህ ጥቂት ደቂቃ አስቀምጠውና ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገህ ከታች እየው። ውሃ ካለበት ከሥር እንደ ጠብታ ተሰብስቦ፣ ስታዘነብለው ለብቻው ሲንሸራተት ታየዋለህ። ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ደግሞ በዓይን አይለይም። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርግ። ንጹሕ ቤንዚን ወዲያው ተንኖ ይጠፋል፣ ጋዝ ያለበት የቅባት ክብ ይተዋል። ስትቀዳም ወንፊት ባለው ማጥለያ ይሁን። ካርቡራቶር ያለው ሞተር ቆሻሻ ቢገባበት መንገድ ዳር ፈተህ ነፍተህ ትሄዳለህ፤ ያንተ ፓምፕ ከተዘጋ ግን ሥራው ቀላል አይደለም።

ከፍታው ላይ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነውና። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት። ሳነቲ ከ4,000 በላይ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ጫፉ 4,377። 4,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በጥግግቱ ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። ኢንጀክሽኑ የአየሩን መጠን አይቶ ቤንዚኑን ራሱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጭስ አያበዛም፣ አይታፈንም። የሌለውን አየር ግን ሊፈጥር አይችልም። ፋብሪካው 23 የፈረስ ጉልበት ገደማ የሰጠው ኢንጂን እዚያ ላይ ወደ 15 ይወርዳል። ሞተሩ ተበላሸ ብለህ እንዳትፈታታው፣ ጤነኛ ነው።

የስፖርት ማርሚታ ይሄን አይፈታልህም። የሚፈታው ፒኞን፣ ማለትም ካቴናውን (ሰንሰለቱን) የሚጎትተው ጥርሳም ክብ ነው። የፊቱ ፒኞንህ 14 ጥርስ፣ የኋላው ኮረና 40 ነው። ፊቱን ወደ 13 ቀይረው። በእያንዳንዱ ማርሽ የመጎተት አቅምህ 8 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ዳገት ላይ በ1ኛ ማርሽ ፍሪሲዮን (ክላች) እያቃጠልክ መሄድ ይቀራል። አስፋልት ላይ ትንሽ ይጮሃል፣ 80 እና 90 ላይ ተረጋግተህ ንዳ። ካሰብካቸው ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ ይሄ ነው፣ ለውጡን ግን የመጀመሪያው ዳገት ላይ ታየዋለህ። ካቴናውን ያኔውኑ አስተካክል፣ ልቀቱን ደግሞ ዕቃ ጭነህ፣ ሰው ተቀምጦበት እየው፤ ባዶውን ልክ የነበረ ካቴና ጭነት ሲያርፍበት ሊወጠር ይችላል፣ የተወጠረ ካቴና ደግሞ የጊርቦክሱን ኩሽኔታ ይበላል።

ይሄን የሚያነብ ካርቡራቶር ያለው ሞተር፣ ኤክስኤል ወይም ኤጂ የሚነዳ ሰው ካለ ያንተ ነገር ይለያል። ካርቡራቶር ከፍታ ላይ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ጥቁር ይሆናል፣ ሞተሩ ይታፈናል። የቤንዚን ጀቱን (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በአንድ ቁጥር አሳንስ፣ ግን ቆላ ስትወርድ መልሰው። በትንሹ ጀት ዶሎ መና ድረስ ብትነዳ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

ጎማህ ፊት 21፣ ኋላ 18 ነው፤ ይሄ ጥሩ ዕድል ነው፤ በየወረዳው የምታያቸው የመንግሥትና የድርጅት ዲቲና ኤክስኤል ሞተሮች በዚሁ ልክ ስለሚሄዱ ከመነዳሪ አታጣም። ጥርሱ መካከለኛ የሆነ፣ አስፋልትም ፒስታም የሚችል ጎማ ግጠም። ሙሉ የጭቃ ጎማ እስከ ጎባ ባለው አስፋልት ላይ ተበልቶ ያልቃል። መጠባበቂያ ከመነዳሪ ሁለት አትያዝ። የ21ዱን ብቻ ያዝ፤ የኋላው ቢፈነዳብህ በግድም ቢሆን 18ቱ ውስጥ ይገባል፣ እስከሚቀጥለው ጎሚስታ ያደርስሃል። ሁለት ሌቫ፣ ማጣበቂያና ትንሽ ፓምፕ ጨምር። ከመሄድህ በፊት ግቢህ ውስጥ የኋላውን ጎማ በራስህ እጅ አውጥተህ መልስ። ዝናብ ላይ፣ እየመሸ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መማር አያስፈልግም። ፒስታ ላይ አየር ትንሽ ቀንስ፣ ከ18 ፒኤስአይ በታች ግን አትውረድ፤ ከዚያ በታች ድንጋይ ቸርኬውን ያጎብጠዋል፣ ከመነዳሪውንም ነክሶ ይበሳዋል።

መከላከያ ላይ ትልቁን የጎን ብረት ተወው። የሚያስፈልጉህ ሦስት ናቸው። ከኢንጂኑ ሥር 4 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም፣ ዘይት ማፍሰሻው ጋ ቀዳዳ የተተወለት፣ ከሻሲው ጋር በጎሚኒ የተያያዘ እንጂ ኢንጂኑ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ያልሆነ። ውስጡ ብረት ያለው የእጅ መከላከያ፣ ሞተሩ ሲወድቅ የፍሪሲዮንና የፍሬን እጀታው እንዳይሰበር። ሦስተኛው የራዲያተር መከላከያ ነው። ራዲያተርህ በግራ በኩል ነው ያለው፣ ስስ ነው፣ ወደ ግራ ስትወድቅ ድንጋይ ካገኘው ጉዞው እዚያው ያበቃል። ጥሩ ቶርኖ ቤትና ጥሩ በያጅ እነዚህን ሁሉ ይሠራልሃል። የሁለቱንም እጀታ መጠባበቂያ ያዝ፣ ክብደት የላቸውም።

ባትሪ ላይ በጣም ጥንቃቄ አድርግ። ይሄ ሞተር በእግር አይነሳም፣ ፓምፑም ኢንጀክሽኑም በባትሪ ነው የሚሠሩት። ያገለገለ ስለገዛህ ባትሪው ስንት ዓመቱ እንደሆነ አታውቅም። ሌሊቱን አሳድረህ ጠዋት ለካው፤ 12.6 ቮልት አካባቢ ካለ ደህና ነው፣ 12.3 እና ከዚያ በታች ከሆነ ቀይረው። ሳነቲ አጠገብ ድንኳን ተክለህ ብታድር ብርዱ ደካማ ባትሪን ጠዋት ላይ ይገድለዋል። አስነስተህ ስትለካው ከ13.5 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት፣ ካላሳየ ቻርጅ እያደረገ አይደለም። ስለ ተጨማሪ መብራት የጠየቅከው፣ እኔ ማታ አትንዳ ነው የምለው። ከብቱ፣ አህያው፣ መብራት የሌለው ጋሪ፣ በዚህ ላይ ጭጋጉ። የስልክ ቻርጀር ብቻ አስገጥም፣ የራሱ ፊውዝ ይኑረው፣ ቁልፉ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ይሁን። የፋብሪካውን ሽቦ እየቆረጠ የሚቀጥል ኤሌክትሪሻን ጋ አትስጠው።

ማርሚታው ላይ ምክንያቱን ልንገርህ። ጉልበት አይጨምርም፣ የሚጨምረው ጩኸት ነው። የምታልፈው በየመንደሩ ፈረስ ላይ በተቀመጡ ሰዎች አጠገብ ነው፣ ባሌ ፈረስ ብዙ ነው፤ የደነበረ ፈረስ ሽማግሌ ይጥላል። ከላይ ደግሞ ፓርክ ነው። ቀይ ቀበሮ መንገድ ዳር ቆሞ የምታይበት ቦታ በዓለም ላይ ብዙ የለም። ዝም ብሎ የሚሄድ ሞተር ላይ ሆነህ ቀስ ብለህ እለፍ። ሰውም አውሬም ፊት ስታልፍ ጋዝህን ቀንስ።

ለመቀመጫው ገንዘብ አታውጣ። የዚህ ሞተር ሴላ ጠባብና ደረቅ ነው፣ ሁለት ሰዓት ሲሞላህ ትነሳበታለህ። ጠጉሩ ያልረዘመ አጎዛ ግዛና በሴላው ልክ አስቆርጠህ ከሥር በላስቲክ አሳስረው። አየር ያሳልፋል፣ ላብ አይዝም፣ ብርድ ላይ ይሞቃል። ማኑብሪዮውን ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብታደርገው ቆመህ ስትነዳ ወገብህን አያምህም፤ ከፍ ካደረግከው በኋላ ግን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙረህ ገመዶቹ እንዳይወጠሩ እይ።

ከመነሳትህ ሁለት ሳምንት በፊት ሙሉ ጭነትህን ይዘህ ኮፈሌ ድረስ ሂድ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብለህ ፒስታ ላይ ንዳ፣ አድረህ ተመለስ። ስትመለስ እያንዳንዱን ቦሎን በቁልፍ ንካው፣ ቸርኬውን እያዞርክ ራጂዎቹን (የቸርኬውን ቀጫጭን ሽቦዎች) በካቻቢቴ ጫፍ አንኳኳ፤ ጠንካራው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የላላው ድፍን ይላል። የአየር ፊልትሮውን (ማጣሪያውን) አውጥተህ አራግፍ። ያኔ ምን እንዳልተጠቀምክበት ታውቃለህ፣ እሱን አውጣው። መንገዱንም ከዶሎ መና የሚመላለሱ የአይሱዙ ሹፌሮችን ጠይቅ፤ የትኛው ድልድይ ጋ ጭቃ እንዳለ፣ አካባቢው ሰላም መሆኑን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

አሁን ዛሬውኑ የኋላውን ሾክ ለካና ሁለቱን ቁጥሮች ከራስህ ክብደት ጋር ጻፍልኝ፤ የትኛው ሞላ እንደሚሆንህ እነግርሃለሁ።